ልጅ ኢያሱና የአንደኛው የዓለም ጦርነት፦ የእምነት ክስ ወይስ የጦርነት ፍርድ?

ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረደ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ነገር ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ለመሆኑ ሰልሞ ነበር ወይስ አልሰለመም? ገሚሱ ሰልሞ ነበር ብሎ ሊኮራበት ይፈልጋል። ገሚሱ ደግሞ ሰልሞ ነበር ብሎ ሊወቅሰው ይፈልጋል። ሁለቱም የያዙት ሚዛን ግን ያው በ1909 ዓ.ም. የቀረበበት ክስ ነው። ሚዛኑን ማን ሠራው፣ ለምንስ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝም ይኸው ጥያቄ ነው። በቅርቡ ከሁለት የእኅቴ ልጆች ጋር ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥተን ነበር። በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ለጥድ፣ ለወይራና ለኮሶ እንዲለቅ የሚደረግበትን ኮረብታ እያየን ስንጓዝ፣ ትልቁ ልጅ ስለ ልጅ ኢያሱ ጠየቀኝ። እኔም መልሱን ከሩቅ አላመጣሁለትም። ከማዕከሉ በስተምሥራቅ፣ በዚያው በጉለሌ፣ የቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ ያሠራውም ክርስትናን ክዷል የተባለው ልጅ ኢያሱ ራሱ እንደሆነ ነገርኩት። ልጁ ግራ ገባው። ግራ መጋባቱ ደግሞ ተገቢ ነው፤ የሰውየው ሕይወት በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለምና። ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየጠቀስኩ ለአንባቢያን የማቀርበውም ለእርሱ የነገርኩትን ነው።

የሁለት ቤት ልጅ

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ደሴ ተወለደ። እናቱ የዐፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። አባቱ ራስ ሚካኤል ደግሞ የቀድሞ ስማቸው ሙሐመድ ዓሊ ሲሆን የወሎ ኢማም ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ክርስትና ተነሡ። በዚያ ዘመን የወሎ ሙስሊም ወይ እምነቱን ወይ ርስቱንና አገሩን ምረጥ ተብሎ ምን ያህል መከራ እንዳየ አንባቢያን ታውቃላችሁ። እንግዲህ ልጁ በክርስትና ቢያድግም የዘመዶቹ ግማሽ ሙስሊም ነበር። እርሱን ከሌሎቹ መሳፍንት የለየውም ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሙስሊሙን እንደ ገባር ሲያዩት እርሱ ያየው እንደ ዘመድ ነበር።

ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነቱ ታወጀለት። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ አገሪቱ በአንድ ወጣት እጅ ወደቀች። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ኢያሱ ግን ዘውድ አልጫነም። በዚያው ዓመት በግንቦት አባቱን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ አነገሠ። በሸዋ መኳንንት ልብ ውስጥ የመጀመሪያው ቂም የገባው ያኔ ነው። የሥልጣን ማዕከል ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሊሄድ ነው ብለው ሠጉ።

ጦርነቱ ከየት መጣ?

ንጉሥ ሚካኤል በነገሡ በወሩ፣ ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ከነባለቤቱ ተገደለ። ከ1984 እስከ 1988 ዓ.ም. ሙስሊም ነዋሪዎቿ በከበባ የተሰቃዩባት ያቺው ሳራዬቮ ናት። ኦስትሪያ ቦስኒያን ከኦቶማኖች ነጥቃ የግዛቷ አካል ካደረገቻት ገና ስድስት ዓመት መሙላቱ ነበር። ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ስታውጅ ሩሲያ ለሰርቢያ ተነሣች። ጀርመን ለኦስትሪያ፣ ፈረንሣይ ለሩሲያ ወገነች። ገለልተኛዋ ቤልጂግ በጀርመን ስትወረር እንግሊዝ ገባች።

ይሁን እንጂ የአንድ መስፍን ሞት ዓለምን አያነድም። እሳቱን ያቀጣጠለው ለብዙ ዓመታት የተከመረው እንጨት ነው፤ በውል የተሳሰሩ ሁለት የኃያላን ጎራዎች፣ የጦር መርከብ እሽቅድምድምና የቅኝ ግዛት ስስት ነበሩ። የቅኝ ግዛቱ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያ ብትናጋ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚጠብቅ፣ ማለትም እንደሚወስድ፣ ተፈራርመው ነበር።

ኦቶማን ቱርክ በጥቅምት 1907 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ተሰልፋ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ኅዳር 5 ቀን በሱልጣኑ ስም ጂሃድ ታወጀ። አዋጁ እንግሊዝን አስደነገጠ፤ ከሕንድ እስከ ግብጽና ሱዳን ድረስ ብዙ ሚሊዮን ሙስሊም ትገዛ ነበርና። ጀርመን አዋጁን የደገፈችው ለእስልምና ተቆርቁራ እንዳልሆነ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጠላቷን ቤት ከውስጥ ማቃጠል ፈልጋ ነው።

ገለልተኛዋ አገር ለምን ተፈለገች?

ኢትዮጵያ ገለልተኛ ነበረች። ነገር ግን ካርታውን ተመልከቱ፤ በሰሜን የኢጣሊያ ኤርትራ፣ በምሥራቅ የፈረንሣይ ጂቡቲ፣ የእንግሊዝና የኢጣሊያ ሶማሊያ፣ በደቡብ የእንግሊዝ ኬንያ፣ በምዕራብ የእንግሊዝ ሱዳን። ዙሪያዋን የከበቧት ሦስቱ ፈራሚዎች ናቸው። መሣሪያ የሚገባላትም በአብዛኛው በጂቡቲ በኩል ነበር። በሌላ በኩል ይህች አገር በዓድዋ የአውሮፓን ጦር ያሸነፈች ናት። ከቱርክ ጋር ብትሰለፍ ከሕንድ ወደ ስዊዝ የሚሄደው የእንግሊዝ መርከብ መንገድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሶማሌ ምድር ውስጥ እንግሊዝን ለዓመታት የተዋጉት ሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰንም ከጎናቸው ትልቅ ኃይል ያገኛሉ።

ለዚህ ነው የቱርኩ ቆንሲል አሕመድ መዝሃርና የጀርመኑ ሚኒስትር ፎን ሲቡርግ ኢያሱን ያባበሉት። ጀርመን በ1907 ዓ.ም. ሊዎ ፍሮቤኒየስ የሚባለውን ምሁር በቀይ ባሕር በኩል ልካ ነበር፤ ኢጣሊያኖች ግን ኤርትራ ላይ አግደው መለሱት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ደግሞ እስከዚያ ገለልተኛ የነበረችው ኢጣሊያ ለንደን ላይ በምሥጢር ተዋዋለች። የውሉ 13ኛ አንቀጽ ለኤርትራና ለሶማሊያ ግዛቷ የድንበር ማስተካከያ ተስፋ ይሰጣታል። አንባቢ ይፍረድ፤ ኢጣሊያ መሬት ተቆርሶላት ገለልተኝነቷን ስትሸጥ ማንም ከሃዲ አላላትም። የተቀደሰ ገለልተኝነት የሚጠበቀው ከኢትዮጵያ ብቻ ነበር።

ኢያሱ ምን አደረገ? ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅጅጋ እየተመላለሰ ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ተወዳጀ። ከሙስሊም ቤተሰቦች ጋር ተጋባ፤ መስጊድ አሠራ። ሐረሬውን ዐብዱላሂ ሳዲቅን በኦጋዴን ላይ ሾመ። ለሰይድ ሙሐመድ መሣሪያ ልኳል የሚል ወሬም እንግሊዞች ጆሮ ደረሰ። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛታቸው ነቅሎ ወደ ከፋ አዛወራቸው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ከመናገሻ ከተማው ለረጅም ጊዜ መራቁ ነው። ወዳጅ ሲሰበስብ ጠላቶቹን ቤት ውስጥ ትቷቸው ሄደ።

ጊዜው ደግሞ ለእንግሊዝ ክፉ ነበር። ጦሯ ከጋሊፖሊ በባዶ እጁ ወጥቷል፤ ኩት ላይ ለቱርኮች እጁን ሰጥቷል። የሦስቱ አገሮች ሚኒስትሮች በመስከረም 1909 ዓ.ም. መግቢያ በአንድነት የኢያሱን አካሄድ የሚቃወም ደብዳቤ ለመንግሥቱ አቀረቡ። ለሸዋ መኳንንት ከዚህ የበለጠ ድጋፍ አልነበረም።

መስከረም 17

በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ፤ ሃይማኖቱን ክዷል፣ ከነቢዩ ሙሐመድ ዘር ነኝ ብሏል፣ ጨረቃ ያለበት ባንዲራ ለቱርኩ ቆንሲል ሰጥቷል የሚል ነበር። ጥምጣም አድርጎ የተነሣው ነው የተባለ ፎቶግራፍም ተሠራጭቶ ነበር። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ።

በቀጠሉት ቀናት ሐረር ውስጥ በርካታ ሙስሊሞች፣ በተለይም ሶማሌዎች፣ ተገደሉ። እነዚያ ሰዎች በሳራዬቮም ሆነ በለንደን ጉዳይ ምን እጅ ነበራቸው? የኃያላን ጠብ ዕዳ የተከፈለው በእነርሱ ደም ነው። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ተነሥተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ረገፈ። ጉዳዩ በእርግጥ የእስልምናና የክርስትና ጦርነት ከነበረ በዓድዋ የዘመቱት፣ በክርስትና የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል በየትኛው ወገን ሊቆጠሩ ነው?

ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ሸሸ። በ1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተይዞ ፍቼ ታሰረ። በ1924 ዓ.ም. አምልጦ እንደገና ተያዘ፤ ከዚያም ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ላይ ተዘጋበት። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረች በሁለተኛው ወር፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ዛሬ በእርግጠኝነት መቃብሩ ይህ ነው ብሎ የሚያሳይ የለም።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ስለ እምነቱ የሚያቆራርጥ ማስረጃ የለም። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አሠርቷል። የልቡን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛም ያልመሰከረውን ሸሃዳ ልንመሰክርለት አይገባንም።

ሁለተኛ፣ ክሱ የሃይማኖት ልብስ ይልበስ እንጂ አካሉ ጦርነትና ሥልጣን ነበር። የኢትዮጵያ ክርስትና አሳስቧቸው የነበሩ የመሰሉት ሦስቱ መንግሥታት ከ19 ዓመት በኋላ ምን አደረጉ? አንዷ በመርዝ ጋዝ ወረረችን፤ ሁለቱ ተመለከቱ። ያን ጊዜ የዘውዲቱና የተፈሪ ቤተ መንግሥት የእነርሱ ወዳጅ መሆኑ አገሪቱን አላዳናትም።

ሦስተኛና ዋናው፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ሙስሊም መብቱን በጠየቀ ቁጥር የውጭ እጅ አለበት የሚል ጥርጣሬ ሲከተለው ኖሯል። ኢያሱ የጀመረው ነገር፣ ሙስሊሙን የአገሩ ባለቤት አድርጎ መቁጠር፣ በቱርክና በጀርመን ወሬ ተሸፍኖ አብሮት ተቀበረ። ባለቤትነትን ከባዕድ ጦር ጋር ማያያዝ ለሙስሊሙ የሚጎዳውን ያህል፣ የዜግነት ጥያቄን ሁሉ የባዕድ ሤራ ማድረግ ለአገር ይጎዳል። ቀይ ባሕር ዛሬም የኃያላን ዓይን የሚያርፍበት ነው። በዙሪያችን በተጣሉ ቁጥር ወዳጃችን ማን እንደሆነ የሚነግሩን አይጠፉም። ያኔ ጎረቤቱን በእምነቱ ለመጠርጠር ከመቸኮል በፊት፣ በጠቡ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።