ጃኮሞ ቻሚቻን፦ ፀሐይን ለኬሚስትሪ ያሠራ መምህር

በዚህ ዕትማችን የምናስተዋውቃችሁ የብርሃን ኬሚስትሪ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ጃኮሞ ቻሚቻንን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻሚቻን ከአርመን ዘር ከሚወለድ ቤተሰብ በ1857 በትሪየስቴ ከተማ ተወለደ። ትሪየስቴ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች። በቪየና ከተማረ በኋላ በ1880 ከጀርመኑ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። ቀጥሎም ሮም ውስጥ የስመ ጥሩው ኬሚስት የካኒዛሮ ረዳት ሆነ። ከ1889 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ያስተማረው በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ለመሆኑ ምን ሠራ? በ1886 ኪኖን የሚባለውን ቢጫ ውህድ በአልኮል አሟሙቶ ለፀሐይ ብርሃን አጋለጠው። ኪኖኑ ወደ ሃይድሮኪኖን፣ አልኮሉም ወደ አሴታልዴሃይድ ተለወጠ። እሳት አልነካውም! ታዲያ ምን ለወጠው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የኪኖን ሞለኪውል ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ የኦክስጅን አቶም አለው። ብርሃን ሲያርፍበት ከኦክስጅኑ ዘንድ የነበረ ኤሌክትሮን ወደ ካርቦኑ ቀለበት ይሸሻል። ኤሌክትሮን የጎደለው ኦክስጅንም ከአልኮሉ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። ይሄንን ዛሬ እናውቃለን እንጂ ያኔ ኤሌክትሮን ገና አልተገኘም፤ የተገኘው በ1897 ነው። ቻሚቻን ውጤቱን በዓይኑ አየ፤ ምክንያቱን የደረሱበት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ከ1900 ጀምሮ ከባልደረባው ከፓውል ዚልበር ጋር ሆኖ የብርጭቆ ዕቃዎችን በተቋሙ ሰገነት ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያስመታቸው ነበር። ግን ለውጡን ያመጣው ሙቀቱ ቢሆንስ? ይህን ለመለየት ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን ለየብቻ ሞከሩ። ሥራውን የሚሠራው ሰማያዊው መሆኑ ታወቀ፤ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀዩም በሠራ ነበር።

በ1912 ኒውዮርክ ላይ ለዓለም ኬሚስቶች ባሰማው ንግግር፣ የድንጋይ ከሰል ጥንት የተጠራቀመ የፀሐይ ኃይል እንደሆነና አንድ ቀን እንደሚያልቅ አስገነዘበ። ስለዚህ ፋብሪካዎች በየዕለቱ ከሚወርደው ብርሃን እንዲጠቀሙ፣ ፀሐይ የማይጠፋባቸው በረሃዎችም በመስታወት ቱቦዎች እንዲሞሉ አሳሰበ። በ1914 የፈነዳው ጦርነት ግን የምርምሩን ጉዞ አቋረጠው። ለኖቤል ሽልማት ዘጠኝ ጊዜ ቢታጭም ሳያገኝ በ1922 አረፈ። ለሥራ የሚበቃው የሲሊከን የፀሐይ ሴል ይፋ የሆነው ከሞቱ 32 ዓመት በኋላ በ1954 ነው።

እጩ መምህራን! ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት የጋዝ ምድጃም ሆነ የተሟላ ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። ፀሐይ ግን አለ፤ ጠርሙስም አይጠፋም። ሙቀቱ ነው ወይስ ብርሃኑ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካፈራን ትልቁን መሣሪያ አስታጥቀነዋል ማለት ነው።