የአምባሰሏ መነን፦ በአያታቸውና በባላቸው ጦር መካከል

ደሴ ላይ «ወይዘሮ ስኂን» ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ትምህርት ቤቱ ነው። ሴትዮዋ ማን እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ መነን ነው።

ከሐይቅ ተነስተን በወልድያው መንገድ ወደ ውጫሌ ስንሄድ የምናገኘው አምባሰል የመነን አገር ነው። የተወለዱት በ1883 ዓ.ም. ሲሆን አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ። ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ ነው።

በዚያ ዘመን የመሳፍንት ሴት ልጅ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ነበር። መነንም ገና በልጅነታቸው ተዳሩ፤ ከአንድ በላይ ትዳርም አዩ። ከቀድሞ ባሎቻቸው አንዱ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አገቡ። ይህን ጋብቻ የጠነሰሱት ልጅ ኢያሱ ናቸው ይባላል። ኢያሱ የስኂን ወንድም ናቸው፣ በአባት። ለመነን አጎት ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን ከእህታቸው ልጅ ያንሱ ነበር! ሐሳቡ ተፈሪን በዝምድና ማሰር ነበር።

ገመዱ የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ብለው ዘመቱ። ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ከወሎ ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሚካኤል ራሳቸው ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

እስቲ በመነን ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የቀድሞ ባላቸውን የገደለው የአያታቸው ጦር ነው። አያታቸውን የማረከው የባላቸው ወገን ነው። ልጃቸው አስፋ ወሰን ያኔ የሦስት ወር ሕፃን ነበር፤ የሁለቱም ወገን ደም ያለበት።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብዙም ሳይቆዩ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያው ሰሞን ግን የገዛ ልጃቸው ዘነበወርቅ፣ ሸዋና ትግራይን ለማስተሳሰር ተብሎ፣ ለኃይለሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። በ1926 ዓ.ም. በ16 ዓመቷ አረፈች። እናት ያለፉበት መንገድ ለልጅም አልቀረላትም።

መነን ያረፉት በ1954 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የእናት ስም ደሴ፣ የልጅ ስም አዲስ አበባ፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፏል። በዚያ በር የምትገባ የ14 ዓመት ልጅ ግን የማንም ውል ማሰሪያ አይደለችም።