ሁለቱ የማዋለጃ ክፍሎች፤ የኢግናዝ ሰመልቫይስ ሕይወት

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ በአዋላጆች ወደሚመራ ክፍል ትሂድ ወይስ ሐኪሞች ወደሚያዙበት ሆስፒታል ብሎ መምከሩ የዘመናችን ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከ170 ዓመት በላይ በፊት በቪየና ከተማ ይኸው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር። ምስጢሩን የፈታውም ኢግናዝ ሰመልቫይስ ነው።

ሰመልቫይስ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. በዛሬዋ ቡዳፔስት ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በቪየና ሕክምና ተምሮ፣ በ1846 በከተማው ጠቅላላ ሆስፒታል በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጅነት የሚማሩ ሴቶች ይሠለጥኑ ነበር። እናቶች የሚመደቡት በመጡበት ዕለት ተራ እንጂ በፈቃዳቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት በአንደኛው ክፍል ከ4,010 ወላዶች 459፣ በሁለተኛው ግን ከ3,754 መካከል 105 ብቻ ሞቱ። ዋናው ገዳይ የአራስ ትኩሳት ነበር። እናቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይገቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር።

እኛ መሐንዲሶች ከሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎች አንዱ ሲበላሽ ልዩነታቸውን አንድ በአንድ እየለየን እንደምንፈትሽ፣ ሰመልቫይስም እንዲሁ አደረገ። መንሥኤው የአየር ጠባይ እንዳይባል ሁለቱም ክፍሎች የሚገኙት በአንድ ግቢ ነው። መጨናነቅ እንዳይባል ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበር። የእናቶቹን አተኛኘት ለወጠ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም።

በመጋቢት 1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ላይ ሳለ በተማሪ ቢላ ተወግቶ ሞተ። ሰመልቫይስ የወዳጁን አስከሬን የምርመራ ውጤት ሲያነብ ሕመሙ ከአራሶቹ ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን መርምረው፣ በዚያው እጃቸው ምጥ የያዛቸውን እናቶች ይነኩ ነበር። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይመረምሩም። በግንቦት ወር ሁሉም ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ። በ1848 የሁለቱ ክፍሎች ሞት እኩል፣ ከመቶ 1.3 ገደማ ሆነ።

ሆኖም ብዙዎቹ ታላላቅ ሐኪሞች ገዳዩ የገዛ እጃቸው መሆኑን ለመቀበል አልፈቀዱም። ሰመልቫይስም ቢሆን ግኝቱን በመጽሐፍ ያሳተመው ዘግይቶ፣ በ1861 ነው፤ ተቃዋሚዎቹንም በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች በመዝለፉ ወዳጅ አላፈራም። በ1865 ቪየና አጠገብ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተወስዶ፣ በ47 ዓመቱ ቁስል አመርቅዞበት ሞተ። የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ተሕዋስ ፓስተር ያመለከተው ከ14 ዓመት በኋላ ነበር።

አዋላጆቹ የበለጡት በጥበባቸው ብቻ አልነበረም፤ እጃቸው ከአስከሬን ስለራቀ እንጂ። የሐኪሞቹም እጅ በጸዳ ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ። እንግዲህ ዛሬም ማዋለጃ የሚመርጥ ቤተሰብ፣ የሚመራው ማን እንደሆነ ከመጠየቁ ጋር፣ በውስጡ ምን እንደሚሠራና ውጤቱ በሐቅ ተቆጥሮ እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ሥራውን ለሚቆጣጠር ባለሙያ ሁሉም ይኸው ግዴታ ነው።