ስለ መዳቡ የሚበላ ዚንክ

በሰንጋ ተራ ሳልፍ ከማደያ ሥር የሚቀበሩ የብረት ታንከሮችን ባሰብኩ ቁጥር እንግሊዛዊው ኬሚስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1778 ኮርንዎል ተወለደ። በ1815 ለማዕድን ቆፋሪዎች የሠራውን ፋኖስ የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ለሁሉም ተወው።

በ1824 የጦር መርከቦች የመዳብ ልባስ በባሕር ውኃ እየተበላ ሲያስቸግር፣ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝበት በመዳቡ ፈንታ እንደሚበላ አሳየ። መዳቡ ዳነ፤ ነገር ግን ከመዳቡ ይሟሟ የነበረው መርዝ ስለቀረ ዛጎልና አረም ተጣብቆ መርከቦቹን አዘገየ። ባሕር ኃይሉም ዘዴውን ጣለው። ዴቪ በ1829 ጄኔቫ አረፈ።

ዛሬ ከተቀበረ ታንከር ጋር የሚታሰረው ማግኒዥየም የሚሠራው በዚያው መርህ ነው። ተበልቶ ሲያልቅ ካልተተካ ግን ተራው የታንከሩ ይሆናል፤ የሚፈሰው ነዳጅም የጎረቤትን አፈርና ውኃ ይበክላል። የተማርኩት ሕግ ካሳ የሚያስከፍለው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ የዴቪ ዘዴ ግን ጉዳቱን ይቀድማል።