ቦላ ኢጌ፦ ፍትሕ ያላገኙት የፍትሕ ሚኒስትር

እ.አ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2001፣ እሑድ ምሽት፣ የናይጄሪያ የፍትሕ ሚኒስትርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቦላ ኢጌ ኢባዳን ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በጥይት ተገደሉ። ሊጠብቋቸው የተመደቡት ፖሊሶች በዚያ ሰዓት በቦታቸው አልነበሩም። ኢጌ ሥልጣናቸውን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን አባልነት ለመሥራት በዝግጅት ላይ ነበሩ።

ኢጌ የተወለዱት በ1930 ነው። ቤተሰባቸው የኤሳ ኦኬ ዮሩባ ቢሆንም ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሰሜን፣ በካዱና ነበር። ሐውሳን አቀላጥፈው መናገራቸው በኋላ ዘመን ለፖለቲካቸው ጠቅሟቸዋል። በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ለንደን ሄደው ሕግ አጠኑ፤ በ1961 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው በኢባዳን ቢሮ ከፈቱ።

ጥብቅናው ግን ብቻውን አልያዛቸውም። ገና በወጣትነታቸው የኦባፌሚ አዎሎዎን አክሽን ግሩፕ ፓርቲ ተቀላቅለው ነበር። በ1962 ፓርቲው ለሁለት ሲሰነጠቅ ከአዎሎዎ ጎን ቆሙ፤ ከዚያም የፓርቲው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኑ። በ1966 ወታደሮች ፓርቲዎችን ሁሉ አገዱ። በቀጣዩ ዓመት ኢጌ የምዕራብ ግዛት የእርሻ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ፤ ሹመቱ በእኛ አገር የክልል ቢሮ ኃላፊ እንደ ማለት ነው። ቀላል ወንበር አልነበረም። በ1968 የካካዎ ገበሬዎች በግብር ብዛትና በምርታቸው ዋጋ ተማረው አግቤኮያ በተባለው አመፅ ተነሡ፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥት ግብሩን ቀነሰ።

በ1979 ሲቪል አስተዳደር ሲመለስ ኢጌ የኦዮ ግዛት ገዥ ሆነው ተመረጡ። ግዛቲቱ ያኔ የዛሬይቱን ኦሹንን ትጨምር ነበር። ፓርቲያቸው ነፃ ትምህርትና ነፃ ሕክምና እሰጣለሁ ብሎ ምሎ ነበርና፣ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ተጥለቀለቁ፤ ክፍሉና መምህሩ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠሩ የድኻ ልጆች የኢጌን ስም በክፉ አያነሡም። ፖለቲካው ግን ከዳቸው። ምክትላቸው ሰንዴይ አፎላቢ ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ ተሻገሩ፤ በ1983ቱ ምርጫ ኢጌ ተሸነፉ። ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልሰመረላቸውም። አሸናፊያቸውም ቢሆኑ ወንበሩ ላይ የቆዩት ሦስት ወር ብቻ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ጦሩ ሥልጣን ያዘ። ኢጌ ከፓርቲ ገንዘብ ጋር በተያያዘ ክስ ታሰሩ፤ የተፈቱት በ1985 ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ላሰናዱት ሽግግር ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ቁጭ ብሎ መመልከት የሚለው አቋማቸው በናይጄሪያ መለያቸው ሆነ። ጄኔራል ሳኒ አባቻ የፈቀዷቸውን አምስት ፓርቲዎች ከአንድ የቆማጣ እጅ አምስት ጣቶች ጋር ማመሳሰላቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አምስቱም በመጨረሻ አባቻን ዕጩ አድርገው አቀረቡ።

በ1999 ኢጌ የፓርቲያቸው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን ፈልገው በኦሉ ፋላዬ ተበለጡ። ቁስሉ ሳይሽር የተቀናቃኛቸውን የኦሉሴጉን ኦባሳንጆን ካቢኔ ተቀላቀሉ፤ ብዙ የትግል ጓዶቻቸው ይህን አልወደዱላቸውም። በኤሌክትሪክ ሚኒስትርነታቸው መብራት መጥፋቱን አስቆማለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ አልሆነላቸውም። በ2000 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛወሩ። ጊዜው የሰሜን ግዛቶች ሸሪዓን በወንጀል ሕግ ያወጁበት ነበር። ኢጌ ከበድ ያሉትን ቅጣቶች ለማስለወጥ ቢጥሩም አልተሳካላቸውም፤ በሶኮቶ በዝሙት ተከሳ በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት የተፈረደባት ሴት እንደማትገደል ግን በይፋ ተናገሩ። ያን ያሉት ሊገደሉ አንድ ወር ገደማ ሲቀራቸው ነው።

የገዛ ግዛታቸው ኦሹን በዚያው ሰሞን በገዥውና በምክትላቸው ጠብ ትናጥ ነበር። በዲሴምበር አጋማሽ ኢጌ ኢፌ ቤተ መንግሥት ሲደርሱ ጋጠወጦች ከብበው ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አወለቁባቸው፤ ለዮሩባ ሽማግሌ ይህ ከባድ ውርደት ነው። ከቀናት በኋላ አንድ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ተገደለ። ቀጥሎ ገዳዮቹ ኢባዳን መጡ።

ኢጌ በጃንዋሪ 2002 በኤሳ ኦኬ ተቀበሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ባለቤታቸው አቲኑኬ ኢጌ በ2003 ዐረፉ፤ የባላቸው የግድያ ጉዳይ ሲቋጭ አላዩም። በግድያው የተከሰሱት ሰዎች በነፃ ተሰናበቱ። እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት የለም።