ሼኽ አብደላህ አስ-ሳሊም፦ የነዳጅ ሀብትን እንደ አማና የያዙት የኩዌት መሪ



ከመካከላችን ኩዌት የምትሠራ እህት ወይም አክስት የምታስተምረው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከዚያ የሚላከውን ገንዘብ እናውቃለን፤ አገሪቱን በዛሬው መልኳ ያቆሟትን ሰው ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። በዚህ እትም የሼኽ አብደላህ አስ-ሳሊም አስ-ሰባሕን ሕይወት እናያለን። ሕይወታቸው ሁለት ጥያቄ ያነሳብናል። አላህ ከመሬት በታች ያኖረው ሀብት የማን ነው? በዚያ ሀብት አገር ሲገነባ ለፍቶ የሚያድረው ሠራተኛስ ድርሻው ምንድን ነው?

ሼኽ አብደላህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ከገዢው የሰባሕ ቤተሰብ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የልጅነታቸው ኩዌት ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። የሚጠጣ ውኃ እንኳ ከሻጥ አል-ዐረብ በጀልባ ይመጣላት ነበር። ሕዝቡ የሚኖረው በባሕር ንግድና ከባሕር ሥር ሉል በማውጣት ነው። ጠላቂው ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ይበደራል፤ ያገኘው ሉል ዕዳውን ካልከፈለለት በሚቀጥለው ዓመትም ለአበዳሪው ይጠልቃል። በኋላ ጃፓኖች በእርባታ የሚያመርቱት ሉል ገበያውን ሲወስደው ይህም እንጀራ ተቋረጠ።

በ1938 ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆኑ። በፌብሩዋሪ ወር ቡርጋን በተባለው ቦታ ነዳጅ ተገኘ። በዚያው ዓመት የከተማዋ ነጋዴዎች አገሪቱ በሹራ እንድትመራ ጠይቀው 14 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ። ሰብሳቢው የገዢው የአጎት ልጅ ሼኽ አብደላህ ነበሩ። ምክር ቤቱ የአገሪቱን ገቢና ወጪ ለመቆጣጠር ሲነሳ ግን ከገዢው ጋር ተጋጨ፤ ዓመት ሳይሞላውም ፈረሰ። ሼኽ አብደላህ ያዩትን አልረሱም።

በ1950 ሥልጣን ሲይዙ ዕድሜያቸው 55 ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኢራን ነዳጇን ስትወርስ ገዢዎች ፊታቸውን ወደ ኩዌት አዞሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሼኽ አብደላህ ከነዳጅ ኩባንያው ጋር ትርፍን እኩል የመካፈል ስምምነት አደረጉ። ገንዘቡ እንደ ጎርፍ መጣ። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የባሕር ውኃ ማጣሪያ ተሠራ። መንግሥት የድሮዋን ከተማ መሬት በውድ ዋጋ ሲገዛ ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ግን ሰፊ መሬት የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ አሠራሩ እንከን አላጣውም።

ትልቁ ሥራቸው የመጣው በ1953 ነው። ከነዳጁ የተረፈውን ገንዘብ ሥራ ላይ የሚያውል ቦርድ በለንደን አቋቋሙ። ምሕንድስና የምንማር ሰዎች ግድብ ለምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ለማቆየት ነው። ቦርዱም በገንዘቡ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዛሬ ዓለም የመንግሥት የሀብት ፈንድ የሚለው አሠራር ቀዳሚ ምሳሌው ይህ ነው።

ኩዌት በጁን 1961 ነፃ ስትወጣ ሼኽ አብደላህ የራሳቸውንም ሥልጣን በሕግ አጠሩ። በኖቬምበር 1962 ሕገ መንግሥት አጸደቁ። የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥት ንብረት መሆኑ፣ ኩዌታዊም ሥራ የማግኘት መብት እንዳለው ተጻፈ። በ1963 የተመረጠው ምክር ቤት ሚኒስትሮችን የመጠየቅ ሥልጣን አገኘ። ያ በ1938 የፈረሰው ሐሳብ ሰብሳቢው ገዢ ሲሆኑ ተመልሶ ቆመ። ሴቶች ግን የመምረጥ መብት ያገኙት በ2005 ነው።

ሼኽ አብደላህ በኖቬምበር 1965 ወደ አኼራ ሄዱ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ ከአገሪቱ ነዋሪ ከግማሽ በላዩ የውጭ ሰው ነበር። መንገዱን የሚሠራውም፣ ልጅ የሚያስተምረውም፣ ቤት የሚጠርገውም እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሥራ የማግኘት መብት የሰጠው ግን ለዜጋው ነበር። ዜጋው ወደ መንግሥት ቢሮ ገባ፤ የግሉን ሥራ መጤው ተሸከመው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ከአሠሪው እጅ ጋር ታሰረ። በ1964 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አላቀፈም። እነሱን የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው በ2015 ነው። በእነዚህ 51 ዓመታት ስንት እናቶችና እህቶች በደላቸውን የሚነግሩበት ቦታ አጥተው እንደኖሩ ከቤታችን ጠይቀን መረዳት እንችላለን።

በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ነዳጁ ቆመ፤ ካዝናውም ተዘረፈ። በውጭ የተቀመጠው ገንዘብ ግን ነበር። የተሰደደው መንግሥትና ሕዝብ በእሱ ቆየ፤ ከጦርነቱ በኋላም አገሪቱ በእሱ ተጠገነች። ገንዘቡን ያስቀመጡት ሰው ከሞቱ 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሼኽ አብደላህ ሕይወት ሁለት ነገር እንይዛለን። ሀብት ገና ላልተወለደ ሰው ጭምር የተሰጠ አማና መሆኑን በሥራ አሳይተውናል። ይህን ከእሳቸው እንማር። ሳይጨርሱት የሄዱት ደግሞ የሠራተኛው ሐቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደመወዝ እንዳይዘገይ ማዘዛቸውን ገና በመድረሳ ተምረናል። ነገ ከመካከላችን ፕሮጀክት የሚመራ፣ በጀት የሚፈርም፣ ቤቱ ሠራተኛ የሚቀጥር አይጠፋም። ያን ቀን ገንዘቡን ስንቆጥር የለፋውን ሰው አብረን እንቁጠር።

አላህ ሼኽ አብደላህን ይዘንላቸው፤ በሰው አገር የሚለፉ እህቶቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።