ሐኪም ወርቅነህ፦ ከላሆር እስከ አዲስ አበባ

ዘንድሮ ከያለንበት ስንሰባሰብ፣ ስለ አንድ የሙያ አባታችን ጥቂት ልበላችሁ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ተወለዱ። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1868) ከወላጆቻቸው ተለያይተው፣ ገና በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ።

የዛሬዋ የፓኪስታን ከተማ ላሆር ያኔም የትምህርት ከተማ ነበረች። በ1860 የተከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤቷ አሁን ኪንግ ኤድዋርድ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ወርቅነህ ከዚያ በ1882 ተመረቁ፤ ስኮትላንድም ተማሩ፣ በርማም ሠሩ። ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ሆኖ፣ አማርኛውም ጠፍቶባቸው ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ፣ አያታቸው በልጅነት ጠባሳቸው ለዩአቸው። ከዚያ ወዲያ ማከም ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፣ ጣሊያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ ተጠሪ ነበሩ። በ1937 ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ ግን እንደገና ተመለሱ፤ በ1952 አዲስ አበባ አረፉ።

እኛ እንኳን ቋንቋችንም ዘመዳችንም ሳይጠፋብን ነው የተማርነው። ብዙዎቻችን ዛሬ ውጭ ነን፤ ላለመመለስ የምንደረድረው ምክንያት ሁሉ በእሳቸው ሕይወት ፊት ያንስብኛል።